አሸዋን በሂሳብ መያዝ፦ የባሕር ዳር ጀልባ ማውረጃን ክፍት አድርጎ ስለማቆየት

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ባሕር በር የሌለው አገር መሐንዲስ ስለ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ሦስት ተማሪዎች መተላለፊያው ላይ አስቁመው ይህንኑ ጠይቀውኛል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስለ ውሃና ስለ ደለል የሚማር ሰው ውሃው ጨዋማ ሆነም አልሆነ የሚገጥመው አንድ ሕግ ነው፤ ውሃ ኃይል ሲያገኝ ያነሣል፣ ኃይል ሲያጣ ይጥላል። ሁለተኛው መልስ ረዘም ይላል። የሜዲትራኒያን ባሕር ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ አሸዋ ከእኛ ተራሮች ጋር ዝምድና አለው፤ ወደ እርሱ ኋላ እደርሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ጉዳዬ የጀልባ ማውረጃ ነው። ማውረጃ የምለው ከመንገድ ተነሥቶ ውሃው ውስጥ የሚዘልቀውን የኮንክሪት ተዳፋት ነው። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን በተሳቢ ጭኖ ይመጣል፤ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ ያስገባል፤ ጀልባው ሲንሳፈፍ ይለቀዋል። ሲመለስ በዚያው መንገድ ያወጣዋል። ተዳፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ ያጋድላል። ከዚያ ከቀለለ ጀልባው ሳይንሳፈፍ የመኪናው የኋላ ጎማ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ከበረታ ደግሞ መኪናው እርጥብ ኮንክሪት ላይ ጭነቱን ስቦ መውጣት ያቅተዋል። የታችኛው ጫፉ ባሕሩ እጅግ በሚጎድልበት ሰዓት እንኳ አንድ ሜትር ያህል ከውሃ በታች እንዲቀር ተደርጎ ይሠራል። ሥራው ይኸው ነው። ክሬን የለውም፣ መጋዘን የለውም፣ ማንም መርቆ አይከፍተውም። በመማሪያ መጻሕፍታችንም ወደቦች ሙሉ ምዕራፍ ሲሰጣቸው ማውረጃው ቢበዛ አንድ ገጽ ያገኛል።

በዚህ ተዳፋት ላይ ግማሽ ሜትር አሸዋ ቢተኛ ምን ይከተላል? የመጀመሪያው ነገር የሚታይ ነው፤ ጎማ ይሰጥማል፣ ተሳቢው ጥልቅ ውሃ ሳይደርስ ይቆማል፣ ሰዎች ጀልባውን በትከሻ ይገፋሉ። ይህ ድካም ነው እንጂ አደጋ አይደለም። አደጋው ያለው ከተዳፋቱ ፊት ለፊት፣ ጀልባዎቹ በሚገቡበት ውሃ ውስጥ ነው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከራሱ ከሞገዱ ቁመት ጥቂት ብቻ በልጦ ሲገኝ ነው። 1 ሜትር የሆነ ሞገድ 1 ሜትር ከሩብ በሚያህል ጥልቀት ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ 2 ሜትር ጥልቀት የነበረው መግቢያ በአሸዋ ተሞልቶ ወደ 1 ሜትር ከሩብ ሲወርድ፣ ትናንት ጀልባውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያሳልፍ የነበረው ያው ሞገድ ዛሬ ጀልባ የሚገለብጥ ይሆናል። ጠዋት ባሕሩ ረግቶ ሳለ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የሚመለሰው በዚህ በር ነው። በብዙ ከተሞች ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባ የሚወርደው በዚሁ ተዳፋት ነው። በሩ ሲዘጋ ለመውጣትም ለማዳንም ይዘጋል።

አሁን አሸዋው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት።

ሞገድ ወደ ዳርቻ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያጋደለ ነው። አጋድሎ ሲሰበር አሸዋውን ወደ ላይ በሰያፍ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲመለስ ግን በተዳፋቱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት በመጋዝ ጥርስ ቅርጽ እየሄደች ዳርቻውን ተከትላ ትጓዛለች። ከዚህም ጋር በሚሰበረው ሞገድና በየብስ መካከል ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚፈስ ጅረት ይፈጠራል፤ ሞገዱ ያነሣውን እርሱ ይወስደዋል። ይህን «የዳርቻ ጉዞ» እለዋለሁ። በአሸዋማ ጠረፍ ላይ ያለ ሰው የሚቆመው መሬት ላይ ይመስለዋል፤ የቆመው ግን በዝግታ በሚፈስ ወንዝ ላይ ነው።

የዚህ ወንዝ ፍሰት ምን ያህል ነው? በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ድንበር ላይ ባለው የትዊድ ወንዝ አፍ፣ ወደ ሰሜን የሚያልፈው የተጣራ አሸዋ በዓመት ወደ 500,000 ሜትር ኩብ ይገመታል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይናገርም፤ እስቲ እናካፍለው። በሰዓት 57 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሁን አንድ ተራ ማውረጃ እንውሰድ፤ ስፋቱ 10 ሜትር፣ በአሸዋ የተሸፈነው ርዝመቱ 12 ሜትር፣ የአሸዋው ውፍረት ግማሽ ሜትር። ይህ 60 ሜትር ኩብ ነው፤ በእኛ ሲኖትራክ አራት ጉዞ ገደማ። እንግዲህ በዚያ ዓይነት ጠረፍ ላይ ማውረጃ የሚደፍን አሸዋ በአማካይ በየሰዓቱ በደጅ ያልፋል ማለት ነው። አማካይ ማለቴን አስምሩበት። ጉዞው ከሚሰበረው ሞገድ ቁመት ጋር በሁለት ከግማሽ ኃይል ያድጋልና ሞገዱ በእጥፍ ሲጨምር አሸዋው ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ወር ሙሉ ምንም ሳይሆን ቆይቶ በአንድ የማዕበል ሌሊት በሩ ሊዘጋ የሚችለው ስለዚህ ነው። የወርና የሩብ ዓመት የጥገና መርሐ ግብር አውጥቶ መኪና የሚልክ ጽሕፈት ቤት በሥራው ትጉ ሊሆን ይችላል፤ ባሕሩ ግን የቀን መቁጠሪያ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ነፋስ ነው። ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የብሪታንያ ጦር መሐንዲስ መኰንን በግብፅና በሊቢያ በረሃዎች ከተዘዋወረ በኋላ በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ በነፋስ የሚጓዘው አሸዋ መጠን ከነፋሱ ፍጥነት ሦስተኛ ኃይል ጋር እንደሚያድግ አሳየ። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን አሸዋው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ የሚተኛው ከውሃው በላይ ባለው የተዳፋቱ ክፍልና በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ይህን ማስቆም ከሁሉ ይቀልላል፤ ግማሽ ያህሉ ክፍት የሆነ የእንጨት አጥር ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ማቆምና ከኋላው ሣር መትከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ግንብ ግን አይሠራም። ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከኋላው ይሽከረከርና አሸዋውን ባልተፈለገው ቦታ ይጥለዋል።

ሦስተኛው መንገድ ራሳቸው ጀልባዎቹ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ይገረማሉ። ጀልባውን ተሳቢው ላይ ለማውጣት ሞተሩን በኃይል የሚያስነሣ ሰው በፕሮፔለሩ ግፊት ከተዳፋቱ ጫፍ ሥር ያለውን አሸዋ ይቆፍራል፤ የተቆፈረው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ጉብታ ይሠራል። ከጊዜ በኋላ ከኮንክሪቱ ጫፍ ሥር ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ወዲያ የአሸዋ ደፍ ይገኛል። ጉድጓዱ የኮንክሪቱን ጫፍ ያንጠለጥልና ይሰብረዋል፤ ጎማ ከጫፉ ካለፈም ተሳቢው ወድቆ ይቀራል። ደፉ ደግሞ ጀልባ ያስቆማል። የዚህ መድኃኒት ከጫፉ ወዲያ ትላልቅ ድንጋይ መደርደርና ጀልባውን በእጅ ማንሻ መሳብን ማስለመድ ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ይከብዳል፤ ሰው ድንጋይ አይደለምና።

ይህን ከተረዳን በኋላ ወደ መፍትሔ የሚሮጥ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበውን አውቀዋለሁ፤ የድንጋይ ግድግዳ ሠርቶ አሸዋውን ማገድ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ለጥቂት ዓመታት በእርግጥ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ግድግዳው በሚሞላበት ጊዜ ነው፤ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ጎረቤት ይራባል።

የካሊፎርኒያዋን የሳንታ ባርባራን ታሪክ እነሆ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ከተማዋ ለጀልባዎች የሚሆን የሞገድ መከላከያ ግንብ መሥራት ጀመረች። ከገንዘቡ ብዙውን የሰጠው ማክስ ፍላይሽማን የተባለ የእርሾ ፋብሪካ ባለጸጋ ነበር፤ የራሱ ትልቅ ጀልባ ነበረውና ጉዳዩ እርሱንም ይነካው ነበር። መጀመሪያ ግንቡ ከየብስ ሳይገናኝ በባሕር ውስጥ ለብቻው ቆመ። ግንቡ ሞገዱን ስለጋረደ ከጀርባው ያለው ውሃ ኃይል አጣ፤ ኃይል ያጣ ውሃ ደግሞ ይጥላል። አሸዋ በጥላው ውስጥ መከመር ጀመረ። ይህን ለማስቆም በ1930 ግንቡን ከየብስ ጋር አገናኙት። አሁን አሸዋው በምዕራብ ወገን መከመር ጀመረ፤ ዛሬ እዚያ ሰፊ የመዝናኛ ዳርቻ አለ። ያ ወገን ሲሞላ አሸዋው ግንቡን ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ፤ ጫፉን ዞሮም በወደቡ አፍ ውስጥ ምላስ የሚመስል ክምር ሠራ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ዳርቻዎች ግን የዘወትር ቀለባቸው ተቋርጦ ባሕሩ በላቸው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ያ አሸዋ ከወደቡ አፍ እየተጠረገ ወደ ምሥራቅ ይሰደዳል፤ በአማካይ በዓመት 230,000 ሜትር ኩብ ገደማ። ግንቡን መሥራት ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ደለሉን መጥረግ ግን ዘጠና ዓመት አልፎታል፣ ማብቂያም የለውም።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማስተምረው በሳንታ ባርባራ ሰዎች ለመፍረድ አይደለም። ከተማዋ ወደቧን ትወዳለች፤ ወጪውን አውቃ ትከፍላለች። የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ሺህ ነዋሪ ያላት የዓሣ አጥማጆች መንደር ያንኑ ዓይነት ግንብ በትንሹ ብትሠራና ከአሥር ዓመት በኋላ ግንቡ ሲሞላ፣ የጠረጋውን ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ለግንባታ ለጋሽ ይገኛል። ለጥገና ለጋሽ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ትዊድ ልመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ የተሠራው ነገር በአሸዋ አያያዝ ታሪክ ውስጥ ከምወዳቸው አንዱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወንዙን አፍ ለጀልባ ክፍት ለማድረግ በሁለቱም ወገን የነበሩት የድንጋይ ግድግዳዎች ወደ ባሕር ተራዘሙ። አሸዋ በደቡብ ወገን ታገደ። ከድንበሩ በስተ ሰሜን ያሉት የኩዊንስላንድ ዳርቻዎች ሣሡ፤ በዚያው አሥር ዓመት የመጡት ማዕበሎች የቀረውን ጠረጉት። እንግዲህ አንዱ ክፍለ ግዛት የሠራው ግድግዳ የሌላውን ዳርቻ አራቆተ። ክርክሩ ረጅም ዓመታት ወሰደና በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። በ2001 ሥራ የጀመረው ተቋም እንዲህ ነው፦ ከግድግዳው በስተ ደቡብ፣ አሸዋው በሚመጣበት ወገን፣ 450 ሜትር ወደ ባሕር የሚገባ በምሰሶዎች ላይ የቆመ ድልድይ አለ። በድልድዩ ሥር፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ የተቀበሩ ፓምፖች አሸዋውን ከውሃ ጋር ይመጥጣሉ። ድብልቁ በወንዙ ሥር በተዘረጋ ቧንቧ አልፎ በሰሜን ዳርቻ ላይ ይፈስሳል። ተፈጥሮ ታደርገው የነበረውን ሰው በኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

ሥራው ከእንከን የጸዳ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ሰሜን የተላከው አሸዋ ብዙ ስለነበር ኪራ የተባለው ዳርቻ ከሚገባው በላይ ሰፋ፤ በአጠገቡ ያለው የባሕር ውስጥ ዓለታማ ሥፍራ ከፊሉ ተቀበረ። በሞገድ ላይ የሚጫወቱ ወጣቶች የሚወዱት የኪራ ሞገድ ጠፋ፤ በምትኩ ከዚያ ከፍ ብሎ «ሱፐርባንክ» የሚባል በዓለም የታወቀ ረጅም ሞገድ ተወለደ። አንዱ ወጣት ሲያዝን ሌላው ይደሰት ነበር። የአሸዋ ሂሳብ እንዲህ ነው። አንዱ ቦታ ላይ የተጻፈ ገቢ ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ የወጣ ወጪ ነው፤ መሐንዲሱም የሒሳብ ሹም እንጂ ፈጣሪ አይደለም።

ቃል ወደ ገባሁላችሁ ጉዳይ ልምጣ። በሜዲትራኒያን ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፣ ከናይል አፍ ጀምሮ በሲና ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በጋዛና በእስራኤል ዳርቻ በኩል እስከ ሃይፋ ሰላጤ ድረስ ያለው አሸዋ የአንድ ቤተሰብ ነው። የናይል አሸዋ ነው። ሞገዱ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ጠረፉ ሲታጠፍም ወደ ሰሜን ይገፋዋል፤ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር መጠኑ እየቀነሰ ሃይፋ ላይ ያበቃል። ናይል ከጥንት ጀምሮ ይሸከመው ከነበረው ደለል ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል የሰጡት ዓባይና ተከዜ ናቸው። በእርግጥ ከዚህ አብዛኛው ጭቃ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚታየው ነጭ የኳርትዝ አሸዋ ደግሞ ረጅምና ድብልቅ ታሪክ ያለው ስለሆነ ሁሉን የእኛ ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን በአሸዋው ውስጥ ሞገድ ለይቶ በጥቁር መስመር የሚያሰልፋቸው ከባድ ማዕድናት አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች የመነጩ እንዳሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት በአጉሊ መነጽር ለይተዋል። በአሽዶድና በአሽቀሎን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቅዳሜ ከሰዓት በባሕሩ ዳር ሲንሸራሸሩ የሚረግጡት ከሰሜንና ከጎጃም ደጋ የወረደ ነገር ይገኝበታል። ከእነርሱ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ የተሰደደ።

ይህ ምንጭ ግን ቆሟል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1964 የወንዙን ጉዞ ዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ የናይል ደለል ማለት ይቻላል ሁሉም በናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በናይል አፍ ያለው የሮዜታ ጉንጭ በአንዳንድ ዓመታት እስከ 100 ሜትር ገደማ በባሕር ተበልቶ በመጨረሻ በታላላቅ የኮንክሪት ቁርጥራጮች እንዲታጠር ሆነ። ዛሬ በዚያ ዳርቻ የሚጓዘው አሸዋ ጥንት የተከማቸ ቁጠባ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ፤ የሕዳሴው ግድብ በዚያ ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። በር የተዘጋው ከስልሳ ዓመት በፊት አስዋን ላይ ነው። የሕዳሴው ግድብ የሚያቆመው ደለል ጥቅሙ የሚታየው ቀረብ ባለ ቦታ፣ ለዘመናት በደለል ሲሞሉ በኖሩት በሱዳን የሮዜሬስና የሴናር ግድቦች ነው።

ለማውረጃ ጥገና ይህ ምን ትርጉም አለው? እጅግ ትልቅ ትርጉም አለው። ምንጩ በደረቀ ጠረፍ ላይ ከማውረጃ ፊት የሚጠረግ አሸዋ ቆሻሻ አይደለም፤ የጎረቤት ዳርቻ ቀለብ ነው። በመኪና ጭኖ ለግንባታ መሸጥ ከጠረፉ ቁጠባ መስረቅ ነው። በዚህ ላይ ለዘብተኛ መሆን አልፈልግም።

አሁን ስለ ዕለት ሥራው ልናገር፤ እውነቱን ለመናገር ከግንብና ከፓምፕ ይልቅ ይህ ይበልጥ ይማርከኛል። በትምህርት ላይ ሳለሁ በዚያው በምሥራቅ ሜዲትራኒያን፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አንድ በጋ ሙሉ የማውረጃ ጥገና መዝገብ ስይዝ ከርሜአለሁ። ሥራ ተቋራጩ በየጊዜው አንድ ሎደር ይልካል። ሎደሩ አሸዋውን ከተዳፋቱ ላይ ይገፋና ከማውረጃው በስተ ደቡብ 60 ሜትር ወዲያ ይከምረዋል፤ መንገዱ በዚያ በኩል ስለሚቀና። በዚያ ዳርቻ አሸዋ የሚመጣው ከደቡብ ነው። ክምሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ሞገዳም ቀናት በኋላ ተመልሶ ማውረጃው ላይ ይተኛል፤ ሎደሩም ተመልሶ ይመጣል፤ ሒሳቡም ተመልሶ ይከፈላል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ያሉት አባቶቻችን ይህን ያዩ ይመስላሉ። የሎደሩ ሹፌር ነገሩን ከሁላችንም ቀድሞ ያውቅ ነበር። ውሉ የሚከፍለው በተነሣው ሜትር ኩብ ልክ እንጂ ማውረጃው ክፍት ሆኖ በዋለበት ቀን ልክ ስላልነበረ የእርሱን እውቀት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ክምሩ ወደ ሰሜን ወገን መደፋት ሲጀምር የጉዞው ርዝመት በእጥፍ ጨመረ፤ የሎደሩ መምጫ ግን ከግማሽ በታች ወረደ።

ከዚያ በጋ ጀምሮ የጥገና ውል ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው የክፍያውን መለኪያ ነው። በሜትር ኩብ የሚከፈለው ሰው አሸዋ ይወዳል። በክፍት ቀን የሚከፈለው ሰው ማውረጃውን ይወዳል።

መለካትም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በተዳፋቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ በቀለም የተሠመረ ሜትር፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ በየሳምንቱ የሚነሣ ፎቶግራፍ፣ በየጊዜው የተነሣው አሸዋ መጠንና የተደፋበት ቦታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ። ይህን ለሁለት ዓመት የያዘ ሰው አሸዋው ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚበረታ፣ ስንት እንደሚያስወጣ ከማንኛውም የኮምፒዩተር ሞዴል አስቀድሞ ያውቃል። ሞዴሉን አልንቅም፤ ራሴም እሠራበታለሁ። ነገር ግን መዝገብ የሌለው ሞዴል በምን ይፈተናል?

ጊዜም መመረጥ አለበት። ከማዕበል ወቅት በፊት የጠረገ በከንቱ ይደክማል፤ ከማዕበሉ በኋላ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የጠረገ ይጠቀማል። በሜዲትራኒያን አሸዋ የሚደፋበት ዳርቻ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ከሆነ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ ድረስ ማሽን ባይገባበት ይመረጣል። በትንሽ በትንሹና በቶሎ በቶሎ መጥረግ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጥረግ ይሻላል፤ ምክንያቱም ማውረጃው ፊት የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ራሱ ወጥመድ ሆኖ የሚያልፈውን አሸዋ ሁሉ ይሰበስባል። አንዳንዴ ግን ይህን ወጥመድነት ሆን ብሎ መጠቀም ይቻላል፤ ጉድጓዱን ከማውረጃው ፊት ሳይሆን አሸዋው በሚመጣበት ወገን ራቅ አድርጎ መቆፈርና እዚያ የተጠራቀመውን ወደ ማዶ ማሻገር። ትዊድ ላይ በድልድይና በፓምፕ የተሠራው በአንድ ኤክስካቫተርና በሁለት ገልባጭ መኪና ሲሠራ ይህን ይመስላል። ለትንሽ መንደር ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ማውረጃው ለምን እዚያ ተሠራ? ብዙውን ጊዜ መልሱ መንገዱ እዚያ ስለሚደርስ የሚል ነው። ዐለታማ ራስ ባለበት፣ አሸዋው በጥልቅ ውሃ በኩል ዞሮ በሚያልፍበት ቦታ የተሠራ ማውረጃ ከክፍት አሸዋማ ዳርቻ መካከል ከተሠራው በብዙ ያነሰ ጥገና ይጠይቃል። ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ መጨመር በመጀመሪያው ቀን ውድ ይመስላል። የሠላሳ ዓመት የሎደር ኪራይ አጠገቡ ሲጻፍ ግን ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ወደ አገራችን ሐይቆች ልሻገር፤ ትምህርቱ በሙሉ አይሻገርምና ጥንቃቄ ያሻል። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት ሁለት ሜትር ጥልቀት ለመውረድ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃታል። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነች የደለል ቅንጣት ያንኑ ጥልቀት ለመውረድ ስድስት ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። የዓባያ ሐይቅ ቀልቶ የሚታየው ይህ ያልወረደ አፈር ስለሆነ ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚያስገቡት ከፍተኛ ጭነትም አብዛኛው እንዲህ ያለ ደቃቅ ነው። እንግዲህ ባሕር ዳር ወይም ጎርጎራ ላይ የጀልባ መነሻ ሊሠራ የተነሣ መሐንዲስ ከትዊድ የተማረውን ይዞ ቢመጣ ይሳሳታል። በአሸዋ ጠረፍ ጠላቱ የሚያልፈው ፍሰት ነው፤ በደለል ሐይቅ ጠላቱ ጸጥታው ነው። ጀልባዎቹን ከነፋስ ለመከለል የተሠራ የታጠረ ገንዳ ደቃቁ ደለል የሚረጋበት ምቹ መኝታ ይሆናል። እምቦጭ አረሙም ነፋስ ገፍቶት እንዲህ ያለ ማዕዘን ውስጥ ይሰበሰብና ከሥሩ ያለውን ውሃ ይበልጥ ያረጋዋል፤ ቀደም ሲል የጠቀስሁት ምሳሌ ለጣና ዳር ሰው ሁለት ትርጉም አለው። በዚህ ላይ የጣና ውሃ በክረምት ማብቂያና በበጋ መጨረሻ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ቋሚ ተዳፋት ለዚህ ረጅም መሆን አለበት፤ ረጅም ሲሆን ደግሞ ብዙ ጭቃ ይሸከማል።

ስለዚህ ለእኛ ሐይቆች የማዘነብለው ወደ ተንሳፋፊ መድረክ ነው። ከታች ውሃው በነፃነት የሚያልፍበት፣ ከዳርቻው በማጠፊያ ድልድይ የሚገናኝ፣ ውሃው ሲጎድል ገፋ ተደርጎ ሲሞላ የሚመለስ። ድክመት አለው፤ ከባድ ጀልባ ለጥገና ወደ የብስ ለማውጣት አያገለግልም፤ ስለዚህ በአንድ ሐይቅ ላይ ቢያንስ አንድ ጥሩ ተዳፋት፣ ከወንዝ አፍ የራቀና ነፋስ የሚያናውጠው ቦታ ላይ የተሠራ፣ ያስፈልጋል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ለመስክ ሥራ ስትወጡ የቀለም ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ እንድትሄዱ የምጠይቃችሁ ለዚህ ነው። ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ ጀልባቸው በየትኛው ወር የት ላይ መሬት እንደሚነካ ይነግሯችኋል፤ የነገሯችሁንም ከነቀኑ ጻፉት።